ባሕር ዳር የወደብ ታሪኳን የሚያሳይ ሙዚየም ያስፈልጋታልን?

የጣና ዳር ልጅ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደ ቤልጅየም በሄድኩበት ጊዜ በአንትወርፕ ከተማ «ማስ» የሚባለውን የባህል ታሪክ ሙዚየም የመጎብኘት ዕድል አግኝቼ ነበር። ላነሣ የምፈልገው ጥያቄ ባሕር ዳርን የሚመለከት ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ሙዚየሙ ጥቂት ሳልገልጽ ጥያቄው ከምን እንደ መነጨ አይታወቅምና በመጀመሪያ እርሱን ላስቀድም።

አንትወርፕ በአውሮፓ በትልቅነቱ ሁለተኛ የሚባለው ወደብ ባለቤት ብትሆንም የተቆረቆረችው በባሕር ዳርቻ ላይ አይደለም። ባሕሩ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል፤ መርከብ የሚደርስባት በስኬልት ወንዝ ነው። ሙዚየሙ የቆመው ናፖሊዮን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባስቆፈራቸው ሁለት የመርከብ ማቆሚያ ገንዳዎች መካከል ሲሆን፣ በዚያው ቦታ ላይ ቀድሞ የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ሰፊ የንግድ ቤት ነበረ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1893 ተቃጥሎ ጠፋ። አዲሱ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ተመረቀ። ቁመቱ 60 ሜትር ያህል ነው፤ ከህንድ የመጣ ቀይ ድንጋይ ለብሷል። እያንዳንዱ ፎቅ ከበታቹ ካለው ሩብ ዙር ዞሮ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ጎብኚው በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በሞገድ መልክ በታጠፈው ረጅም መስታወት በኩል አንድ ጊዜ ወደቡን፣ አንድ ጊዜ አሮጌውን ከተማ፣ አንድ ጊዜ ወንዙን ያያል። ይህ መተላለፊያና ጣሪያው ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው፤ ትኬት የሚጠየቀው ወደ ትርኢት ክፍሎቹ ለመግባት ብቻ ነው። የከተማው ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚያ ወጥቶ አየር የሚቀበለውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ከእነዚያ መካከል ስንቱ በመንገዱ ወደ ክፍሎቹ ጎራ እንደሚል ግን አላውቅም።

በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ቁጥራቸው ከ3000 የሚበልጥ ትንንሽ የብረት እጆች ተተክለዋል። የከተማይቱ አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ በወንዙ ዳር የተቀመጠ አንድ ግዙፍ ፍጡር ቀረጥ ያልከፈለውን መርከበኛ ሁሉ እጁን ይቆርጥ ነበር፤ በመጨረሻም ብራቦ የተባለ ጀግና የራሱን የግዙፉን እጅ ቆርጦ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። እንግዲህ ከተማዋ በግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው ምልክት የወደብ ቀረጥ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ሁለተኛው ፎቅ ነው። ሌላ ሙዚየም ቢሆን በምድር ቤት ቆልፎ የሚያስቀምጠውን መጋዘን፣ እዚህ በሽቦ መረብ ብቻ ከልለው ለተመልካች ክፍት አድርገውታል። ሙዚየሙ የያዘው ዕቃ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ነውና በትርኢት ክፍል የሚታየው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ሕዝቡ ቢያንስ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት ቁጥር እንደሚሰጠውና እንዴት እንደሚመዘገብ ያይ ዘንድ ፈቅደዋል። በመረቡ አጠገብ ቆሜ በየመደርደሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ቁጥሮች ስመለከት፣ ንብረቱ የሕዝብ መሆኑን ከማንኛውም የመግቢያ ንግግር በላይ የነገረኝ ያ መረብ ነበረ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በባሕር ዳር «ቅርስ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ገዳማቱን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የገዳማቱ ንዋያተ ቅድሳት ጠባቂ አላቸው፤ ዕቃ ቤት አላቸው፤ ለእነርሱ ሲል ሌሊቱን የማይተኛ መነኩሴ አላቸው። ጠባቂ ያጣው የሐይቁ የዕለት ሥራ ነው። ከዘጌ ማገዶና ቡና ጭኖ ይመጣ የነበረው ታንኳ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን በጎርጎራ የተጀመረው የሞተር ጀልባ አገልግሎት፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅና በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ ይደርስ የነበረው የሕዝብ ጀልባ፣ የዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርበው ሰው መሣሪያ፤ እነዚህን የሚያኖር አንድም ክፍል በከተማችን የለም። የሰማዕታት ሐውልቱ ሙዚየም የራሱ ዓላማ አለው፤ እርሱን እዚህ ላይ መውቀስ አይገባም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፦ ባሕር ዳር ሙዚየም ይሠራላት ቢባል የገዳማቱን ሀብት በመሰብሰብ መጀመር የለበትም፤ በወደቡ መጀመር አለበት። የምትስማሙም የማትስማሙም ምክንያታችሁን ብትገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

የኡራ መንገደኛ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እኔ በአስጎብኚነት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ከገዳማቱ ወገን ያለውን ነገር ከቅርቡ ልናገር እችላለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሙዚየም የሚባል ነገር በጣና ዙሪያ ጨርሶ የለም ማለት እንዳይመስልብህ እሰጋለሁ። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ዘውዶች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት ሙዚየም አለ፤ ጎብኚው በክቡ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ካየ በኋላ ወደዚያ ይገባል። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታቱ ዐፅም ያረፈበት ሣጥን በመስታወት ውስጥ ይታያል፤ አፄ ዳዊት፣ አፄ ዘርዐ ያዕቆብና አፄ ፋሲል ከእነርሱ መካከል ይጠራሉ። በክብራን ገብርኤል ደግሞ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተሣለው ወንጌል አለ፤ በዓለም ያሉ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት የጻፉለት መጽሐፍ ነው።

አሁን የአያያዙን ነገር ላሳይህ። አንድ መነኩሴ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ በነጭ ነጠላ ላይ ያኖረዋል፤ ጎብኚዎቹ ከበው ሲቆሙ፣ አባ በአውራ ጣታቸው ቅጠሉን ከታችኛው ማዕዘን ገልበጥ እያደረጉ ሥዕሎቹን ያሳያሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጣት ያረፈበት ያ ማዕዘን ጠቁሮ እንደ ቆዳ ጫማ ያበራል፤ ሥዕሉ ያለበት መካከሉ ግን ቀለሙ ትላንት የተቀባ ይመስላል። የውጭ አገር ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ጓንት ይላሉ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይላሉ። እኔም አንዳንዱ ምክራቸው ልክ ነው እላለሁ፤ በተለይ የካሜራው ብልጭታ መከልከሉ ተገቢ ነው። ሆኖም መጽሐፉ እስከ ዛሬ የተረፈው በዚያ እጅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በከተማ መስታወት ውስጥ ገብቶ ቢቀመጥ በበዓል ቀን ማን ያነብበዋል? መስቀሉስ ማንን ይባርካል?

ስለዚህ በወደቡ መጀመር አለበት ባልከው እስማማለሁ፤ የእኔ ምክንያት ግን ካንተ ይለያል። አንተ የምትለው ገዳማቱ ጠባቂ ስላላቸው አይቸኩልም ነው። እኔ የምለው ግን የገዳሙ ሀብት ከገዳሙ ቢወጣ ትርጉሙን ያጣል ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን መንግሥት ብቻ ሳይሆን ሌላ አካል በባለቤትነት ሊይዘው እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለገዳማቱ ዕቃ ቤት ጣሪያ፣ ከእሳት መጠበቂያና ሙሉ መዝገብ ማገዝ ነው።

ጎብኚ በእጅጉ በቀነሰበት በአሁኑ ወቅት ይህን መነጋገራችን ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሥራ ሲበዛ ማንም አያስብበትም፤ በሥራ ዘመን የምናስበው ስለ ጀልባ ነዳጅና ስለ ምሳ ነው።

መምህርት ከቀበሌ አራት

ለሁለታችሁም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከሁለታችሁም የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማን ነው የሚያየው የሚለው ነው።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ከጀልባ ላይ ካልሆነ በቀር አላየኋቸውም፤ ሥርዓቱ ሴት እንድትገባ አይፈቅድም፤ እኔም ሥርዓቱ ይፍረስ አልልም። ከክብራን አጠገብ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ሴት ትሳለማለች። ነገር ግን አስጎብኚው ወንድማችን «በዓለም ያሉ ሊቃውንት የጻፉለት» ያሉትን ወንጌል፣ አውሮፓዊው ወንድ በአንድ ቀን ጉዞ ሲያየው፣ ስለ እርሱ በክፍል ውስጥ የማስተምረው እኔ ግን በፎቶግራፍ ብቻ ነው የማውቀው። ፎቶግራፉም ያለው በውጭ አገር በታተሙ ውድ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የባሕር ዳሩ ሙዚየም የገዳማቱን ነገር ጨርሶ መተው አለበት ስትሉ የከተማውን ሕዝብ ግማሽ ደጅ ማስቀረታችሁ ነው። መጽሐፉ ከቦታው ሳይነሣ፣ በገዳሙ ፈቃድና በገዳሙ ባለቤትነት፣ ገጾቹ በጥሩ ጥራት ፎቶግራፍ ተነሥተው በሙሉ መጠናቸው በከተማው ቢታዩ ምን ይጎዳል? ዐፅሙን አሳዩኝ አላልኩም፤ ታቦት አላልኩም፤ ሥዕል ነው ያልኩት።

ሌላው፣ የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዴት እንደ ተደራጀ የምታውቁ ብታስቡበት መልካም ነው። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ይህ ሙዚየም ዕቃዎቹን በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አልደረደራቸውም፤ ከልጅነት ጀምሮ በጉልምስና አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ባለው በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ነው ያቀረባቸው። አንድ ተማሪ እዚያ ሲገባ የሌላው አካባቢ ልጅ በምን እንደሚጫወት ያያል፤ ከራሱ ጋር ያስተያያል። ለትምህርት ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት አላየሁም። የባሕር ዳሩም የሐይቁን ሰው ሕይወት ቢከተል፣ የመነኩሴውም የዓሣ አጥማጁም የቡና ለቃሚዋም ቦታ በአንድ ቤት ይገኛል፤ «ወደብ ወይስ ገዳም» የሚለው ክርክርም በአብዛኛው ይቀልላል።

በዘጌ ለምሳሌ ሁለቱን ምን ይለያቸዋል? መሬቱ በበሬ እንዳይታረስ ያዘዙት ገዳሙን የመሠረቱት ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሆኑ ይተረካል፤ ስለዚህ ሕዝቡ በደን ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ ተከለ፤ የተለቀመው ቡና ደግሞ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ መጣ። የገዳሙ ትእዛዝ ነው የወደቡን ጭነት የፈጠረው።

የውኃ ልክ

ሁላችሁም በአሳብ ሕንፃውን ሠርታችሁ ጨርሳችሁታል፤ እኔ በሙያዬ የግንባታ ሰው ስለሆንኩ ወደ መሬት ላውርዳችሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብን።

የአንትወርፑን ዓይነት ሕንፃ ለመሥራት የሚጠይቀውን ገንዘብ ትተን፣ ለማስኬድ የሚጠይቀውን ብቻ እንይ። ብራናና ጨርቅ የሚታይበት ክፍል ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ባይበልጥ ይመረጣል፤ የአየሩ እርጥበትም ከ45 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ሳይዋዥቅ ቢቆይ ይመከራል። ዋናው ቁም ነገር አለመዋዠቁ ነው። በሐይቅ ዳር፣ በሰኔና በመጋቢት መካከል ባለው የአየር ልዩነት፣ ይህን በመሣሪያ ለመጠበቅ መብራት የማይቋረጥበት ቤት ያስፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ያለ መሣሪያ ከሚኖረው ይልቅ የባሰ መዋዠቅ ይመጣል። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ያላቸው የገዳማቱ ዕቃ ቤቶች ያለ ምንም መብራት ይህን ያህል ዘመን ያቆዩት በአጋጣሚ አይደለም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለውን፣ በኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ በፔድሮ ፓኤዝ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለትን አሮጌ የድንጋይ ግንብ በእኩለ ቀን ገብታችሁ ብታዩት የምለው ይገባችኋል።

በአንጻሩ ታንኳ፣ መቅዘፊያ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ የጀልባ ሞተርና መልሕቅ ይህን ሁሉ አይፈልጉም። ጣሪያ የማያፈስስ፣ አየር እንደ ልብ የሚገባበትና ምስጥ የማይደርስበት ሰፊ መጋዘን ይበቃቸዋል። ስለዚህ በወደቡ እንጀምር የሚለውን እኔ የምደግፈው በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ ክብር የሌለው ቢመስልም ዘላቂ ነው።

ደንገል

ስለ ታንኳ ብዙ ተነገረ፤ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች መካከል ያደግሁ ነኝና ጥቂት ልጨምር።

ታንኳ የሚሠራበት በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ታጭዶ ለጥቂት ቀን ፀሐይ ይመታዋል፤ እርጥቡ አይታሰርም። ከዚያ እንደ ጭኑ ውፍረት እየታቀፈ በልጥ ይጠፈራል፤ ፊቱ ወደ ላይ እንዲቀና ተደርጎ ይሳባል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል፤ ጭነቱና ቀዛፊው የሚቀመጡት በእርሱ ላይ ነው፤ ውኃ ከሥር ቢገባም ጭነቱ አይረጥብም። ከጉዞ ሲመለስ ውኃ ውስጥ አይተዉትም፤ ተሸክመው አውጥተው ዛፍ ወይም ግድግዳ አስደግፈው ያቆሙታል፤ ውኃው ከጫፉ እየተንጠባጠበ ይደርቃል። እንዲህ ተጠብቆም ቢሆን የታንኳ ዕድሜ ጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ሌላ ይሠራል።

ይህን የምነግራችሁ ለምንድን ነው? በመስታወት ውስጥ አንድ ታንኳ ብታስቀምጡ ያስቀመጣችሁት ደረቅ ሣር ነው። ታንኳ የሚኖረው የሚሠራው ሰው እስካለና ደንገሉ እስካለ ነው። ደንገሉ ከከተማው ዳርቻ በእርሻና በግንባታ ምክንያት እየራቀ ሄዷል፤ ከሰሜኑ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ ዳርቻውን ሸፍኗል። ሙዚየሙ በየጊዜው አዲስ ታንኳ የሚያሠራ፣ ለሠሪውም ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ቢሆን ያኔ እውነተኛ ሥራ ይሆናል። ለደንገሉም የራሱ ማሳ ይኑረው፤ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ ሐይቅ ነውና ይህን ማድረግ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይነገር። ስለ ታንኳ ስታወሩ የሠሪዎቹን ስም አንዳችሁም አላነሣችሁም። ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ታንኳ ይሠራሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ሴቶቹ ከሣርና ከደንገል ስፌት ይሰፋሉ። ሰው ዕቃቸውን እየገዛ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልቀመጥም ይል የነበረበትን ዘመን አባቶቻችን ያስታውሱታል። ሙዚየሙ ታንኳውን ሰቅሎ ይህን የሚሸፍን ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። መግለጫውን የሚጽፉትም ከእነርሱ ወገን የተማሩት ልጆች ይሁኑ።

መምህርት ከቀበሌ አራት

«ደንገል» የተባሉት ወንድማችን ያነሡት ነገር ትክክል ነው፤ እኔም «የዓሣ አጥማጁ» እያልኩ ስጽፍ በስማቸው ልጠራቸው በተገባኝ ነበር። የስፌቱን ሥራ በተመለከተ፣ የሚሰፉትን እናቶች ራሳቸውን በድምፅ መቅዳት ከስፌቱ እኩል ዋጋ ያለው ይመስለኛል፤ የትኛው ስፌት ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ገበያ ላይ በስንት ይሸጥ እንደ ነበረ፣ ማን እንዳስተማራቸው። ዕቃ ብቻውን ይህን አይናገርም።

ከስኬልት ማዶ

በቤልጅየም የምኖር የባሕር ዳር ተወላጅ ነኝ። ውይይቱን የከፈቱት ወንድሜ ያዩትን ሙዚየም ደጋግሜ ገብቼበታለሁ፤ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎብኚ በአንድ ቀን የማያየው ሌላ ገጽታም አለው።

ሙዚየሙ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ቀድሞ በከተማዋ ውስጥ ለየብቻቸው የነበሩ የመርከብ፣ የአገሬው ባህልና የሌሎች አህጉራት ባህል ሙዚየሞች ተዘግተው ስብስባቸው ወደ አንድ ሕንፃ ገባ። ይህ ብዙ ነገር አቀለለ፤ በሌላ በኩል ግን ትንንሾቹን ቤቶች የሚወድዱ ሰዎች ዛሬም ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ ኡራ ያለውን ትንሽ ሙዚየም ወደ ከተማ እንጠቅልል የሚል አሳብ አንድ ቀን ከመጣ ይህን አስታውሱ።

ሁለተኛው የኮንጎ ጉዳይ ነው። በሙዚየሙ ካሉት የአፍሪካ ዕቃዎች ብዙዎቹ በቅኝ ግዛት ዘመን የመጡ ናቸው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1920 ከኮንጎ የመጣ ትልቅ ስብስብ ለከተማዋ ተሰጥቷል። ልክ መቶ ዓመት ሲሞላው ሙዚየሙ ከእነዚያ ዕቃዎች መቶውን መርጦ፣ ከማን እጅ በምን ሁኔታ እንደ ወጡ የሚጠይቅ ትርኢት አዘጋጀ። ዕቃውን ከማሳየት ይልቅ የዕቃውን መንገድ ማሳየት ጀመሩ ማለት ነው። እኛም ይህን ከመጀመሪያው ብናደርገው በኋላ ከማፈር እንድናለን፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን፣ መቼ፣ በስንት ብር ወይም በምን ስምምነት እንደ መጣ በግልጽ ይጻፍበት።

የገዳማቱ አባቶች ለምን እንደሚጠራጠሩም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከጎንደር አባ አንቶንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ የጥናት ቡድን የተነሡት ሥዕሎች ዛሬም ፓሪስ ናቸው። በምትካቸው ሌላ ሥዕል ተቀብቶ ተሰጠ። «ለጥቂት ጊዜ ለትርኢት ስጡን» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው አባቶች ዝም ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

የጣና ዳር ልጅ

እንዲህ ያለ ውይይት አልጠበቅሁም፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህርቷ ክርክር አሳቤን በከፊል አስቀይሮኛል፤ በፎቶግራፍ የሚታየው የገዳማቱ ሥዕል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መግባት አለበት እላለሁ፤ ፈቃዱ ግን ከገዳሙ ማኅበር ይሁን እንጂ ከከተማ ቢሮ በሚጻፍ ትእዛዝ አይሁን።

በመጋዘን እንጀምር የተባለውንም እቀበላለሁ። እንዲያውም የአንትወርፑ ሁለተኛ ፎቅ ትምህርት ይኸው ነው፤ ሙዚየም ከመሆኑ በፊት በሥርዓት የተመዘገበ፣ ሕዝብ የሚያየው መጋዘን መሆን ይችላል። ጥሩ መደርደሪያ፣ መረብ፣ ቁጥርና መዝገብ ከተገኘ ሕንፃው ሊቆይ ይችላል።

አንድ ጉዳይ ግን ማንም ስላላነሣው ልጨምረው። ወደብ ስንል ውኃው ራሱ ታሪክ አለው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ከተሠራው ከጨረጨራ ግድብ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የሚታዘዝ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ውኃው እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደ ነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውኃው በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። የውኃው ከፍታ በየዓመቱ የት እንደ ነበረ በአንድ ረጅም ግድግዳ ላይ በመስመር ቢሰመር፣ ከጎኑም በዚያ ዓመት ጀልባው፣ ዓሣውና ደንገሉ ምን እንደ ሆኑ ቢጻፍ፣ ለእኔ የሙዚየሙ እጅግ ጠቃሚው ክፍል እርሱ ነው። ጎብኚው በአውሮፕላን የመጣም ቢሆን፣ የከተማው ነዋሪም ቢሆን እዚያ ጋ ቆም ይላል ብዬ አምናለሁ።

ለጊዜው የምጠይቃችሁ ፎቶግራፍ ነው። በጎርጎራ መስመር ሠርታችሁ ወይም ተሳፍራችሁ የተነሣችሁት፣ የአሮጌው ጀልባ ማቆሚያ ወይም የጭነቱ ሁኔታ የሚታይበት፣ በቤታችሁ አልበም ውስጥ ያለ ካለ፣ በጀርባው የተጻፈውን ጽሑፍ ጨምራችሁ በስካነር አንሥታችሁ አስቀምጡ። በስልክ የተነሣ ፎቶ ጥላ ይጥልበታልና አይበቃም። ሰዎቹ በሕይወት ካሉ ከማሳየታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

የኡራ መንገደኛ

የመምህርቷን የፎቶግራፍ አሳብ አሁን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ ነው። የተነሣው ፎቶ ሙሉ ቅጂ መጀመሪያ ለገዳሙ ይሰጥ፤ ገዳሙም ለማን እንደሚታይ የመወሰን መብቱ አይነካ። በከተማው ከሚገኘው የመግቢያ ገንዘብም ለዕቃ ቤቱ ጣሪያ የሚሄድ ድርሻ ይኑር። በሚመጣው ሳምንት ወደ ዘጌ ስሻገር ከማውቃቸው አባቶች አንዱን ስለ ጉዳዩ አነጋግራለሁ፤ የሚሉኝንም እዚሁ እጽፋለሁ።

ደንገል

ጋሼ፣ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ ከባሕር ዳር ወገን ባለው የጀልባ ማቆሚያ ታንኳ የሚያሰናዱትን ሽማግሌም ጠይቁልኝ። ለሙዚየም የሚሆን ሙሉ ታንኳ ከነመቅዘፊያው በስንት እንደሚሠሩና ደንገሉን አሁን ከየት እንደሚያመጡ ቁርጡን ከነገሩዎት፣ ሒሳቡን «የውኃ ልክ» ይሥራልን።